ከ«ሀ» ቀጥሎ «ሐ»

ፉጨትን ያገኙት ጠዋት ነው። በዳቦ ፋብሪካው ትልቁ የሊጥ ማቡኪያ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ እግሩ ብቻ ውጭ ቀርቶ። ፉጨት ያሉት ሲሠራ ከንፈሩ ስለማያርፍ ነው። ያን ጠዋትም ሳያፏጭ አልቀረም፤ ግን አጠገቡ ያለው የዱቄት ወንፊት ይጮህ ስለነበር ማንም አልሰማውም። ፎርማኑ ማስነሻውን ተጫነ። ማቡኪያው ትንሽ ዞረና ተንገጫግጮ ቆመ። ምን ነካው ብሎ ጠጋ ሲል ጫማ አየ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ማሽኑ ላይ ሸራ ጥለውበታል። አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስትናገር ድምጿን ከፍ አታደርግም። እኔ ያልነበርኩበትን ሁሉ ኋላ ቤቴ ቁጭ ብላ የነገረችኝ እሷ ስለሆነች፣ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

የጠየቀችው ማንም የሚጠይቀውን ነው። ሰው ውስጡ እያለ ማሽን እንዴት ይነሳል?

የመለሰላት ሥራ አስኪያጁ ነው። ልብሱ የተተኮሰ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ የሚያንቃጭል ሰው። ግድግዳ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ወደተለጠፈው የአሠራር መመሪያ ወሰዳትና በጣቱ እያስኬደ አነበበላት። ቁጥር ሁለት፣ ማቡኪያውን ስለማጽዳት። ከሥሩ በፊደል፦ «ሀ. ማሽኑን አጥፋ።» ከዚያ ወዲያው «ሐ. ክዳኑን ከፍተህ የቀረውን ሊጥ ጥረግ» ይላል። ከ«ሀ» ቀጥሎ «ሐ»። «ለ» የለችም።

እዚያ ጋ መኖር የነበረበት፣ ማጥፊያውን በጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪስ መክተት ነው አላት። የሚያጸዳው ሰው ራሱ ቆልፎ ከገባ፣ እሱ ሳይወጣ ማንም ሊያስነሳው አይችልም። መመሪያው የተጻፈበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ያን መስመር ዋጠው አለ። የጽሑፍ ማዘጋጃውን የሚሠሩት ሰዎች በዚያው ሳምንት ዝርዝር አጻጻፉን ለውጠናል ብለው ለደንበኞቻቸው መልእክት ልከው ነበር፤ ፋብሪካውም መመሪያውን በአዲሱ አትሞ ለጠፈ። ፉጨት ወረቀቱ እንዳዘዘው ሠራ፣ ሞተ።

ጓጉንቸሩስ የት አለ ብትለው ከዕቃ ሳጥን ውስጥ አንድ የነሐስ ጓጉንቸር አውጥቶ አሳያት። ይኸው፣ ወረቀቱ ስላላዘዘው አልወሰደም አለ። የድሮው ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ላይ ይኖር እንደሆን ጠየቀች። በአዲሱ ተተክቷል፣ ጠፍቷል አለ።

ከዚያ ሻይ አስመጣላት። ሰው በሞተበት ቤት ሻይ! ስኳር ስላልነበረው ራሱ ተነስቶ የስኳር መጋዘኑን ቀይ ጓጉንቸር ከፈተና በሲኒ ቀድቶ መጣ። ካልቆለፍክ በእፍኝ እያሉ ይጨርሱልሃል ብሎ ስለ ሠራተኞቹ አማረረ። እሷም ሰማችው። «እዚህ ቤት ያለ እኔ የሚከፈት በር የለም» አላት። «ስኳሩም፣ ቢሮውም፣ ፕሪንተሩም።»

ያን ሻይ ጠጣሽ ወይ ብያት ነበር። አልጠጣሁም አለች። ቢያንስ እሱን አልጠጣችም።

እኛ ቤት የመጣችው በማግስቱ ነው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ መታወቂያዋን አሳየችኝ። ማንን ፈልገሽ ነው አልኳት፤ የምትፈልጋትን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ ትንሽ ጊዜ ለማግኘት ነው።

የልጅ ልጄን እኔ ሚጣ ነው የምላት። እናቷ ስትሞት ገና መናገር እየጀመረች ነበር፤ በእኔ እጅ አደገች። አሁን ዲግሪ ያላት ትልቅ ሴት ናት፣ በሰው ፊት ሚጣ ስላት ታኮርፋለች። ሥራዋን አንድ ጊዜ ስጠይቃት እንዲህ ብላኝ ነበር፦ «እማዬ፣ ልብስ ሰፊ ዚፕ አይሠራም፤ ገዝቶ ይሰፋዋል። እኔ ዚፑን ነኝ የምሠራው።» ሌሎች ሰዎች የጽሑፍ ፕሮግራም ሲሠሩ ወስደው የሚገጥሙትን አካል ማለቷ ነው። ደህና፣ ዚፕ ሰው አይገድልም ብዬ ተኝቼ አድር ነበር።

ኢንስፔክተሯ ያን ወረቀት ፎቶ አንስታ፣ አሳትማ ይዛ መጥታለች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ይህን የሠራሽው አንቺ ነሽ ወይ አለቻት። ሚጣ አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ስታይሉን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች።

እኔ ከጎኗ ነበርኩ፤ ክንዷን ቆነጠጥኳት። ሰው ገና ምን እንደተጠየቀ ሳያጣራ አዎ ይላል? ኢንስፔክተሯ ግን አልቸኮለችም፤ እስኪ እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ አለች።

ሚጣም አስረዳቻት። ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ዝርዝር በደረጃ ይደረደራል። የላይኛው ቁጥር ይይዛል፣ ከሥሩ ያለው ፊደል፣ ከዚያም ሥር ያለው ሰረዝ። ለፕሮግራሙ ስለ እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገረዋል፦ ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ ከዳር ምን ያህል ገባ እንደሚል፣ መስመሩ ሞልቶ ሲታጠፍ ቀጣዩ መስመር የት እንደሚጀምር፣ የበላዩ ቁጥር ሲቀየር ቆጠራው ከ«ሀ» እንደሚጀምር። ስታይል የሚባለው ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ስለ ቁጥር አያስብም። እኔ በልቤ እንደ ቤተሰብ ነው አልኩ፤ ልጅ ከእናቱ ሥር ይቆማል፣ የልጅ ልጅ ከልጅ ሥር።

ድሮ ሁለተኛው ደረጃ ነጥብ ብቻ ነበር። ደንበኞች «ሁለት ሐን ተመልከት» ብለው መጥቀስ ስለቸገራቸው፣ በዚያ ሳምንት ነጥቡን ወደ ፊደል የቀየረችው እሷ ናት። የጠፋው መስመር ያለውም እዚያው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው።

«መስመር ሊውጥ ይችላል?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ስታይሉ ጽሑፍ አይነካም። ልብሱን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም የሚቀይረው» አለች ሚጣ። ከዚያ «ግን እርግጠኛ አይደለሁም» ብላ ጨመረች።

ይህን ጊዜ ንዴቴ ገነፈለ። እርግጠኛ ካልሆንሽ ለምን ታወሪያለሽ ብዬ ጮህኩባት፤ በፖሊሷ ፊት። ኢንስፔክተሯ ወረቀቷን አጠፈችና፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል ሊያሳስር እንደሚችል፣ ከከተማው እንዳትወጣ ነግራት ሄደች። ምንጣፌን በጫማዋ ረግጣ ነበር፤ በዚያም ተናደድኩ። ሰው ሲፈራ የሚናደድበት አያጣም።

ከዚያ ሚጣ ኮምፒውተሯ ላይ ተተክላ ቀረች። ያንኑ ዝርዝር ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ደረጃ ታወርዳለች፣ ታወጣለች። የሰጠኋትን ሾርባ ቀዝቅዞ አነሳሁት። መስመር ሲዋጥ አንድም ጊዜ አላየችም። ደስ ሊላት ሲገባ «ያላየሁት ስላልፈለግኩት ይሆናል» ትላለች። ይህን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት፤ የሰው ዕቃ ሲሰበር ይቅርታ የምትለዋን።

አለቃዋ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሻርፑ ይለዋል፤ ሙቀቱ እያነደደም ከአንገቱ ሻርፕ አይወርድም። «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ» ብሎ ገባ፤ እናቱ ያድርገኝና በጥፊ በመታሁት። ብስኩት ይዞ መጥቷል።

የመጣበትን ነገር እየዞረ ነው የተናገረው። የጽሑፍ ማዘጋጃውን የሚሸጠው ድርጅት ለፖሊስ ጥፋቱ የእኛ ነው ብሏል። ደንበኛ ነው፣ ከትልልቆቹ ደንበኞቻችን አንዱ ነው፣ ክስ ቢመሠርት መቶ ሰው ሥራ ያጣል። ለውጡን ያደረገችው ግን ሚጣ ናት። ስለዚህ ሳልፈትሸው ነው የለቀቅኩት ብላ ለኢንስፔክተሯ በቃሏ ብትነግር፣ መሥሪያ ቤቷ ጠበቃ ያቆምላታል።

«ፈትሼዋለሁ እኮ» አለች ሚጣ። «አንተም አይተኸዋል። ይሁን ያልከው አንተ ነህ።»

ሻርፑ ሻርፑን አስተካከለ። «ብዙ ነገር ነው የማየው» አለ። «እንደዛ ብለን ነገሩን ባናወሳስበው።»

እኔ ይህን ሰው ምን እንዳልኩት ሁሉ አልጽፈውም። ደንበኛውን ስለፈራህ ልጄን ትሰጠዋለህ ወይ ያልኩት ግን ይጻፍ። ብስኩቱን በሩ ላይ አስታቀፍኩት። ደረጃውን ሲወርድ ሻርፑ ከመወጣጫው እጀታ ጋር ተያያዘበት፤ ቆሞ ሲፈታ እያየሁ አልረዳሁትም።

ዞር ስል ሚጣ እያለቀሰች ነው። «እማዬ፣ ልክ ቢሆንስ?» አለችኝ። «ከእኔ ሌላ ያን ደረጃ የነካው የለም። አንድ እናት ልጇን ቀብራለች። እኔ እዚህ ተቀምጬ አይደለሁም ልበል?»

ይኸው ነበር የሚያስፈራኝ። እስር ቤቱ ብቻ አይደለም። ያልሠራችውን ሠራሁ ብላ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ሠራች ሰው እንዳትኖር ነው።

ኢንስፔክተሯ በበኩሏ ፎርማኑን ይዛ ነበር። ሠራተኞቹ በነገሯት መሠረት፣ ፉጨትና ፎርማኑ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆነው ነበር። አንዲት ዳቦ ደርዳሪ ፉጨት «ካልመለሳችሁልኝ እዚያ ውስጥ አልገባም» ሲል ሰምታዋለች። ምኑን እንደሆነ አታውቅም፤ ብድር መስሏት ነበር። ማስነሻውን የተጫነው ፎርማኑ፣ የተጣላው ፎርማኑ። ምን ቀረ?

ፎርማኑ ግን ሲጠየቅ አለቀሰ እንጂ አልካደም። ተጫንኩ፣ ተጣርቼ ነበር፣ መልስ አልሰማሁም፣ ወንፊቱ ይጮህ ነበር አለ። ሆን ብሎ ቢሆን ኖሮ ብቻውን ባለበት ሰዓት ባደረገው፤ አጠገቡ ሁለት ሴቶች ዱቄት እየመዘኑ ነበር፣ ሲጣራም ሰምተውታል። ያ ሊመለስ የነበረው ነገር ምንድን ነው ስትለው ግን አንገቱን ደፋ። አላስታውስም አለ። ልጆች አሉኝ አለ። ይህንኑ ብቻ ደጋገመላት።

«እሱ የፈራው እኔን አልነበረም» አለችኝ ኋላ።

ለሁለተኛ ጊዜ እኛ ቤት ስትመጣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ያኔ ትንሽ ለዘብኩላት። ሚጣን አጠገቧ አስቀመጠችና ከእንግዲህ ደህና መሆኑን አታሳዪኝ፣ አበላሺልኝ አለቻት። ይህን ወረቀት ቁርጥ እሱኑ አድርገሽ ከ«ሀ» ወደ «ሐ» የሚዘል አድርጊልኝ።

ሚጣ የ«ለ»ን መስመር ሰረዘች። ወዲያው «ሐ» የነበረው «ለ» ሆነ፣ «መ» የነበረው «ሐ» ሆነ፤ ክፍተቱ ተዘጋ። ደረጃውን ብታወርደውም፣ ብታወጣውም፣ ከሌላ ቦታ ቀድታ ብትለጥፈውም ያው ነው። ፊደሉን የሚቆጥረው ፕሮግራሙ ስለሆነ ሊዘል አልቻለም።

«ዝለል ብለሽ ማስገደድ አትችዪም?»

«ራሱ መቁጠሩን ካላጠፋሁት በቀር አይሆንም። አጥፍቼ በእጄ ፊደልና ነጥብ ብጽፍ ይሆናል።»

«እንደዛ አድርጊው።»

ሚጣ አጠፋችው። በእጇ «ሐ» ብላ ነጥብ አድርጋ ያን ረጅም መስመር ጻፈች። መስመሩ ሞልቶ ታጠፈ። ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አደረገች። እኔም አጎነበስኩ፤ ምን እንደማይ ግን አላወቅኩም።

ኢንስፔክተሯ ከፋብሪካው ባመጣችው ወረቀት ላይ ጣቷን አሳረፈች። በቁጥር አንድና በቁጥር ሦስት ሥር ያሉት መስመሮች ሲታጠፉ፣ ሁለተኛው መስመር የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቃል ሥር ነው፤ ፊደሏ ለብቻዋ በግራ በኩል ትቆማለች። በቁጥር ሁለት ሥር ግን ከ«ሐ» ጀምሮ የታጠፈው መስመር ወደ ኋላ ሄዶ ከፊደሏ ከራሷ ሥር ገብቷል። ልክ ሚጣ አሁን በእጇ እንደጻፈችው።

«ይህን ፕሮግራም አልዋጠውም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰው ነው መስመሩን ያወጣው። ስታይልሽ ክፍተቱን ሲዘጋበት ጊዜ ቆጠራውን አጥፍቶ፣ ስህተት እንዲመስል በእጁ ጻፈው።»

ሚጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የልጄ ሥራ አልዋሽም ብሎታል፣ ውሸቱን የጻፈው በገዛ ጣቱ ነው! ማን እንደሆነም ግልጽ ነበር፤ ፕሪንተሩ ያለበትን ቢሮ ያለ እሱ የሚከፍተው እንደሌለ ሥራ አስኪያጁ በገዛ አፉ ተናግሯል።

ደስታዬ ግን ውሎ አላደረም። ኢንስፔክተሯ ሥራ አስኪያጁን ስትይዘው ዓይኑን ሳያሽ፣ አዎ፣ በእጄ ጻፍኩት አለ። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ቢያተረማምስብኝ እኔው ላስተካክል ስል መስመሯ በዚያ መሀል አመለጠችኝ። መነሻው ያው የእነሱ ለውጥ ነው። እኔ የዳቦ ሰው እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም።

ኢንስፔክተሯ ውሸት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ማስረጃ የላትም። ሻርፑም ለኢንስፔክተሯ ደውሎ፣ እንደተባለው ነው፣ ቁጥር ሊያተረማምስ ይችላል ብሎ መሰከረለት! በምን አንደበቱ እንዳለው እሱ ይወቅ።

ሚጣ ይህን ስትሰማ ኮምፒውተሯን ዘጋችው። «በቃ፣ ነገ ሄጄ የእኔ ነው እላለሁ» አለች። «ካተረማመሰበት የእኔ ነው።»

ለመንኳት። ተቆጣኋት። እግርሽን እሰብራለሁ አልኳት፤ የማደርገው ይመስል። ጫማዋን ደበቅኩት፤ ሌላ ጫማ አላት።

በማግስቱ ጠዋት ልብሷን ለብሳ ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሰች ሴት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች። ሰላምታ አልሰጠችኝም።

«ልጄን የገደለችው የቷ ናት?» አለች።

የፉጨት እናት ናት። ከፋብሪካው የመጣ ሰው ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ፣ ኮምፒውተር የምትሠራ አንዲት ሴት ናት ጥፋተኛዋ ብሎ ነግሯታል። ሰፈራችንን አጠያይቃ መጣች። እኔ በሩ ላይ እንደ ግንብ ቆምኩ። አንቺ እናት ነሽ፣ ይገባኛል፣ እዚህ ግን ገዳይ የለም አልኳት። ገፋችኝ። እኔም ገፋኋት። ሁለት አሮጊት በር ላይ ስንገፋፋ ሚጣ ከኋላዬ መጥታ፣ እማዬ ልቀቂያት አለች።

አስገባናት። ሚጣ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ይቅርታ ጀመረች። ያን ወረቀት አውጥታ፣ ልጅዎ ይህን አንብቦ፣ እዚህ ጋ ቆልፍ የሚለው መስመር ስለሌለ…

«ማን አንብቦ?» አለች ሴትዮዋ።

«ልጅዎ።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እልህዋ ከፊቷ ሲሸሽ አየሁት፣ በምትኩ ሐፍረት ገባ። ወረቀቱን ለሚጣ መለሰችላት።

«ልጄ ማንበብ አይችልም» አለች።

ለማንም ተናግራ አታውቅም። ትንሽ ሆኖ አባቱ ሲሞት ሥራ ገባ፤ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። ፋብሪካው እንዳያባርረው ደብቆ ኖረ። ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ሲለጠፍ እንደ ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ማታ ለእሷ እያስመሰለ ያስቃት ነበር። ሥራውን ያስተማሩት አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው፣ በአፍ። አጥፋ፣ ቆልፍ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፣ ከዚያ ግባ። ይህን አንድም ቀን ዘልሎ አያውቅም።

«ታዲያ የዚያን ቀን ለምን አልቆለፈም?» አልኳት።

«በምን ይቆልፍ? ወሰዱበት እኮ።» እንባዋ አሁን ገና መጣ። «ቀይ ጓጉንቸር ነበረችው፣ የማሽኑ ናት፣ በእሱ እጅ ነበረች። ወሰዱብኝ ብሎ ሲንጨረጨር ሰነበተ። እስኪመልሱልኝ አልገባም ቢላቸው፣ ካልገባህ ውጭ ሰው ሞልቷል አሉት።»

ከጉያዋ መሀረብ አወጣች። መሀረቡ ውስጥ ክር የታሰረላት ትንሽ ቁልፍ ነበረች። ጓጉንቸሩን ሲወስዱበት ጠፋብኝ ብሎ ከሁለቱ ቁልፎች አንዷን አልሰጣቸውም። በእልህ ነው።

ሚጣ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ዓይኗ ቁልፏ ላይ ነው። እኔ ስልክ አነሳሁ፤ ከዚያ እጄን ገታሁ። የሞተ ልጅ ምስጢር ነው፣ የእኔ አይደለም። ልደውል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ደውይላት» አለች። «አለማንበቡ አላሳፈረውም፤ እኔ ነኝ ያፈርኩለት። ደውይላት፣ እህቴ።»

ለኢንስፔክተሯ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ «ቀይ ነው ያለችው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀይ አልኳት። መጣሁ ብላ ዘጋችው።

ፋብሪካው ግቢ እናትየዋ ያለ እኔ አልገባም ስላለች እኔም ገባሁ፤ ሚጣም ከኋላችን። ዱቄቱ አፍንጫዬን ሞላው። ሥራ አስኪያጁ የቁልፍ ዘለላውን እያንቃጨለ ብቅ አለ። ኢንስፔክተሯ እንደ ባልንጀራ ፈገግ ብላ፣ ዛሬ ሻይ የለም ወይ አለችው። እሱም እንዴታ ብሎ ቀድሟት ወደ ስኳር መጋዘኑ ሄደ። ቁልፉን ከዘለላው ሲመርጥ እጁን ያዘችው።

«እርስዎ ይቆዩ» አለችው። «እማማ፣ እርስዎ ይሞክሩት።»

የፉጨት እናት መሀረቧን ፈታች። ቁልፏን ስታስገባ ሁለት ጊዜ ሳታት። በሦስተኛው ገባ። ጓጉንቸሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ።

ሥራ አስኪያጁ ርካሽ ጓጉንቸር ማንኛውም ቁልፍ ይከፍተዋል ማለት ጀመረ። ማንም አልሰማውም፤ ፎርማኑ ከሊጥ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበርና ድንገት መናገር ጀመረ፤ ተጠይቆ አይደለም። ውሰድ ያሉኝ እሳቸው ናቸው አለ። ስኳር ይሰረቃል፣ ለማጽዳት ተብሎም ማሽን ያን ያህል አይቆምም፣ አምጣው አሉኝ፤ አመጣሁላቸው። የሞተ ዕለት ፖሊስ ሳይደርስ ቢሮ ገብተው ቆለፉ፣ ወረቀት ይዘው ወጡ፣ የድሮውን ቀደዱ። ብትናገር ማስነሻውን የተጫንከው አንተ ነህ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እኔው ነኝ የተጫንኩት አለና ፊቱን በዱቄታም እጁ ሸፈነ።

ኢንስፔክተሯ ሥራ አስኪያጁን የቁልፍ ዘለላውን ከወገቡ እንዲፈታ አዘዘችው። አንድ ፖሊስ ክንዱን ያዘው። ያኔ ነው የፉጨት እናት ከፊቱ የቆመችው። ትጮህበታለች፣ ትመታዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን መትቼው ነበር።

«ስኳሩን ቆለፍክ» አለችው። ሌላ ምንም አላለችም።

በሚጣ ስልክ ላይ ሻርፑ ይደውል ጀመር፤ ወሬ ፈጥኖ ይደርሰዋል። ሚጣ ስሙን አየችና ስልኩን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው። ጥፋቱ የእኔ ነው የምትለዋ ልጅ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ቁጣ አይቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ። ሰኞ ቢሮው ገብታ የምትለውን ለራሷ ተውኩላት።

እናትየዋ ጓጉንቸሩን አንጠልጥላ ወደ ማቡኪያው ክፍል ሄደች። ኢንስፔክተሯ ማስረጃ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እናትየዋ ማሽኑ አጠገብ ስትደርስ ማጥፊያው የቱ እንደሆነ ፎርማኑን ጠየቀችው፤ አሳያት። ቀዩን ጓጉንቸር አስገብታ ቆለፈችበት። ጎትታ ፈተነችው።

ከዚያ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።